የዙፋን መቀናጆ

ዙፋን በብድርና ቁጠባ ማኅበሩ ገንዘብ የገዛችውን በሬ ይዛ ማሳዋ ዳር ቆመች። የሟች ባሏ ወንድም ካሴ ግን የሚያርስበትን በሬ ከእሷ በሬ ጋር ሊያቀናጃት እንቢ አለ።

«እህሉን እኩል ልንካፈል መሬቱን እንዳርሰው ካልሰጠሽኝ፣ በአንድ በሬ ምን ታርሻለሽ? ደግሞስ በደባርቅ አገር ሴት እርፍ ስትጨብጥ ማን አይቷል?»

ዙፋን ቀንበሩን በበሬዋ ጫንቃ ላይ አሳረፈች። ሌላው ጫፍ መሬት ነካ። ካሴ ሳቀ።

ይህን ጊዜ እናቱ እማማ እናናዬ አንድ በሬ እየነዱ ከዳገቱ ወረዱ።

«እማ፣ የማርስበትን በሬ ወዴት ይወስዱታል?»

«በሬው የእኔ ነው» አሉት፤ «ስትበደርም ዋስ የሆንኋት እኔ ነኝ።»

ሁለቱ ሴቶች በሬዎቹን ጠመዱ። ዙፋን እርፉን ጨብጣ ጅራፏን አጮኸች። ካሴ ትልሙ በሚያልፍበት ላይ ቆሞ ነበር። በሬዎቹን አላቆመችም፤ ዞር ያለው እሱ ነው።