የጁፒተር መቃብር

አስጎብኚዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጄኔራል ሃርግሮቭ ፈረሳቸው የሞተ ዕለት እህል ሳይቀምሱ እንደዋሉ ነገረችን። አንዲት ጎብኚ ከቦርሳዋ ፖም አውጥታ የፈረሱ መቃብር ጠፍጣፋ እብነ በረድ ላይ አኖረች። ሌሎች ፖሞችም ነበሩበት። «ጁፒተር፣ ታማኝ ጓድ» ይላል ጽሑፉ።

አክስቴን ኦዜላን ከሪችመንድ ድረስ በመኪና ያመጣኋት ለፈረሱ አልነበረም። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሳትሞት የጄኔራሉ ባሪያ የነበረችውን የአያቷን አያት የሄስተርን መቃብር ማየት ፈልጋ ነው። በቤተሰባችን እንደሚነገረው፣ ከጄኔራሉ እርሻ ጀርባ ጫካው ውስጥ ነበር። ስም የለበትም፤ ያልተጠረበ ድንጋይ ብቻ፣ ጠርዙ ላይ ሰባት ጭረት ያለበት። ጄኔራሉ ለሸጠው ለእያንዳንዱ ልጇ አንድ ጭረት። እኛ ያልተሸጠችው የስምንተኛዋ ልጅ ዘር ነን።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለግን። የእኛ ሰዎች መቃብር ላይ ይተክሉት የነበረው ሰማያዊ አበባ ያለው ሐረግ ጫካውን ሞልቶታል። ድንጋይ ግን አንድም የለም።

«አገልጋዮቻቸውን እኮ እንደ ልጆቻቸው ነበር የሚያዩዋቸው» አለች አስጎብኚዋ፣ ወደ እኛ ፈገግ ብላ።

«እውነትሽን ነው ልጄ» አለች አክስቴ። «ከሸጣቸው ሰባቱ ሁለቱ የራሱ ነበሩ።»

ጎብኚዎቹ መሬት መሬት አዩ። አስጎብኚዋ ቶሎ ብላ ወሬውን በፈረሱ መቃብር ዙሪያ ወዳለው የአበባ መደብ አዞረችው። የመታሰቢያ ማኅበሩ ሴቶች ባለፈው ጸደይ መቃብሩን እንዳሳመሩት፣ ዙሪያውን የከበቡትንም ድንጋዮች ጫካው ውስጥ ዝም ብለው ወድቀው አግኝተው በእጃቸው እንዳመጧቸው ተናገረች።

አክስቴ ክንዴን ይዛ ጎንበስ አለች። የድንጋዮቹን ጠርዝ አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። ዘጠነኛው ላይ ቆመች። ጣቷ ከአንዱ ጭረት ወደ ሌላው እየዘለለ ሲሄድ አብሬያት ቆጠርኩ። ከዚያ በሁለት እጇ ከነአፈሩ ነቀለችው።

«እማማ፣ እባክዎ አይንኩት» አለች አስጎብኚዋ። «መቃብር ነው።»

«አውቃለሁ» አለች አክስቴ።

ፖሞቹን በክንዷ ጠርጋ ጣለቻቸው። የጁፒተር እብነ በረድ ላይ ደልደል ብላ ተቀመጠችና ድንጋዩን ጭኗ ላይ አደረገችው፤ እኔን ከአትክልተኛው የእጅ ጋሪ ተውሼ እንዳመጣ ላከችኝ። ወደ ጫካው፣ ወደ ሰዎቻችን መቃብር የሚመለስ ገና አርባ ድንጋይ ይቀራል።