የበረዶ ሻጮቹ እርቅ

«ከአጥር ወዲህ ሆኜ ነው የሰማሁት፤ ጆሮዬን ምን ላድርገው» አለች ሚርትል፣ መርፌዋን ብርድ ልብሱ ላይ ሰክታ። ሚርትል ወሬና ስፌት አንድ ላይ አይሆንላትም። «ከሲንሲናቲ የመጣው የመንግሥት ሰው ዴሊያን ደጃፏ ላይ አቁሞ ሲጠይቃት ነበር። ስለ በረዶው።»

ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ የተወጠረውን ብርድ ልብስ ከበው ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፉ ነው። ኦቲሊ ክሬብስ ቀና አላለችም። በረዶ ሻጩ ክሬብስ ባሏ ነው።

«ዴሊያ ምን አለችው?» አለች አንዷ።

«ያየችውን ነዋ። ልጇን ያተኮሰው ቀን ሐኪሙ ራሱን በበረዶ ያዙለት አላት። እሷም እንደ ሁላችንም ስንት ፓውንድ በረዶ እንደምትፈልግ ለጋሪው የሚያሳየውን ካርዷን መስኮት ላይ ሰቀለች፣ ሃምሳ የሚለውን ወደ ላይ አድርጋ። ለካ የክሬብስ ጋሪ አልፎ ሄዷል። ቆየት ብሎ ቱሊ፣ ያ ወንዙን ተሻግሮ የሚመጣው የኬንታኪው፣ በረዶው ከጋሪው እየተንጠባጠበ መጣ። ካርዱን አየና ፊቱን አዞረ። ሳፋ ይዛ ከኋላው ብትሮጥ ምን አላት መሰላችሁ? ‹ይሄ መንገድ የክሬብስ ነው፣ እመቤቴ። መንገዶቹን ተከፋፍለናል።›»

«ውይ፣ በሞትኩት።»

«ልጁ ተረፈ። ትኩሳቱ ግን ጆሮውን ይዞት ሄደ። አሁን እናቱ ስትጠራው ዞር አይልም።»

ኦቲሊን መርፌው ጣቷን ወጋት። ደሙ ጨርቁን እንዳይነካው ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች፤ ላለመናገርም ጥሩ ሰበብ ሆነላት።

«ሰውየው እንዳለው» ሚርትል ቀጠለች፣ «የዚህ ማዶና የዚያ ማዶ ነጋዴዎች ተማክረው ገበያውን ቢዘጉት የዋሽንግተን ሕግ ይይዛቸዋል። ወንዙ የሁለት ግዛት ድንበር ነውና ያድነናል ማለት የለም። ግን አብረው ተቀምጠው ሲማከሩ ያየ ሰው አላገኘም።»

ሴቶቹ ወደ ኦቲሊ ዞሩ። ማን ቤት እንደተቀመጡ ሁሉም ያውቃል። የነገረቻቸው ኦቲሊ ራሷ ናት።

ክሬብስና ቱሊ ለዓመታት ዓይንና ናጫ ነበሩ። አንዱ የሌላውን የፈረስ ልጓም ይበጥሳል፤ አንዱ ዋጋ ሲቀንስ ሌላው በነጻ ሊሰጥ ምንም አይቀረው። በጸደይ ግን ቱሊ ባርኔጣውን አውልቆ ወጥ ቤቷ ገባ፤ ከባሏ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ኦቲሊ የደስ ደስ የቼሪ ኬክ ጋገረችላቸው። ወንዶች ሲታረቁ ሴት መሃል አትገባም ብላ በሩን ዘግታላቸው ወጣች። ዝም ብትል ምን ነበረበት? እሑድ ለቄሱ ነገረች። ቄሱም ስለ ሁለቱ እርቅ ምዕመኑን አስነስቶ አመሰገነ። እሷም ከፊት ወንበር ሆና፣ ሰው እያያት መሆኑን እያወቀች፣ እንባዋን በመሐረብ ጠረገች።

«ወይዘሮ ክሬብስ» አለች ሚርትል ቀስ ብላ፣ «እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ አንቺ ስትላት ኖራ ዛሬ እርስዎ አለቻት። በጥፊ ብትመታት ይሻል ነበር። ኦቲሊ ፊቷ ጋለ። ቤቴ ነው የተቀመጡት፣ አይቻለሁ፣ ለመንግሥቱ ሰው እነግረዋለሁ፤ ይህችን ብቻ ብትል ያበቃል። ባሏንም ለዳኛ ሰጠችው ማለት ነው።

«የተቀመጡት ለእርቅ ነው» አለች። ድምፁ የራሷ አልመስል አላት። «ሁለት የሚጠላሉ ሰዎች ሰላም ቢያወርዱ ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው? እናንተስ አሜን ብላችሁ የለ?»

ካሉት ሴቶች ማንም እንዲመልስላት አልፈለገችም፤ ከሁሉም ይልቅ ሁልዳ እንዳትመልስ ፈለገች። ሁልዳ ከልጅነቷ ጀምሮ ጓደኛዋ ናት፤ የሠርጓን ቀሚስ የሰፋችላት እሷ ናት።

ሁልዳ ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

«ብለናል» አለች። «ሲጠላሉ ግን በረዶ ነበረን፣ ኦቲሊ።»