ሦስተኛው መምጠጫ

ሬዲዮ ጠጋኟ፣ ሻጭ ቢምል ቢገዘትም፣ ሳትሞክር ዕቃ አትገዛም። ባለፈው አንድ የማይረባ የብየዳ ሊድ መምጠጫ የሰው ቴሌቪዥን አበላሽቶ ጉድ ሠርቷታል።

ዛሬ ሌላ መምጠጫ ልትገዛ ሱቅ ስትመጣ፣ ሻጩ ለመሞከሪያ የሚሆን አሮጌ ሬዲዮ ፈቶ፣ ከፍቶ ሰጣት። በሬዲዮው አንድ ሰው ዜና ያነባል። የስፒከሩን ሽቦዎች የያዘውን ሊድ በካውያ አቀለጠችና በመጀመሪያው መምጠጫ ሳበችው። ዜናው አልቆመም።

«ይሄ አይረባም፤ ሊዱን አስቀርቶታል።»

«እስቲ ይሄንን ሞክሪው፣ እህቴ።»

ሞከረችው። ሰውየው አሁንም ያነባል።

«ይሄም ያው ነው።»

ሦስተኛው ግን ሙልጭ አድርጎ መጠጠው። ሁለቱም ሽቦዎች ተላቀቁና ስፒከሩ ብቻውን መዳፏ ላይ ቀረ፤ ዜናው ግን አልቆመም። ሻጩ ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ራቀ።

ዜና አንባቢው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱን ውሰጂው» አላት ከመዳፏ ላይ። «እሱ ጥሩ ነው።»