የመጥበሻ ዘይት

መካኒኩ የአሮጌውን የጭነት መኪና ፍሬን ረግጦ ያዘ። ፔዳሉ የበሰበሰ ቲማቲም የረገጠ ይመስል ከእግሩ ሥር ቀስ እያለ ሰመጠና ወለሉን ነካ። ወርዶ ከሥር ቢያይ የሚያፈስ ነገር የለም። የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ከፍቶ ጣቱን ነከረና አሸተተ፤ የከረመ የመጥበሻ ዘይት!

«ዘይት ያው ዘይት ነው» አለ የመኪናው ባለቤት፣ የመካኒኩ ታላቅ ወንድም፣ ጥርሱን እየጎረጎረ። «ደጋግመህ ስትረግጠው ይጠነክራል። ነገ ገዢው ይወስደዋል፤ ከዚያ ወዲያ የራሱ ጉዳይ!»

«የፍሬኑን የውስጥ ጎማ በልቶታል እኮ!» መካኒኩ እንትፍ አለ። ጣቱን በጨርቅ ቢጠርገው ቢጠርገው ሽታው አልለቅ አለው። ጋቢና ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ። «እንግዲያው ጋሼ፣ እስቲ ከፊት ቁምልኝና ልሞክረው።»

ወንድምየው ሳቁን ሳይጨርስ ዘሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። መካኒኩ ማርሽ እንኳ ገና አላስገባም ነበር።