መጀመሪያ የሚወጣው ቃል

ውጭ አገር ሊኖር የፈረመ ሰው፣ እዚያ የማያስፈልጉት ቃላት እንደ ትርፍ ሻንጣ ከጭንቅላቱ ይቀነሱለታል። መጀመሪያ የሚወጣው «እርስዎ» መሆኑን ደሴ ውስጥ የማያውቅ አባት የለም።

ስለዚህ አቶ ይመር፣ ልጃቸው ዘይነባ የጉዞ ነገር ካነሳች ወዲህ ንግግሯን እንደ ምስር እየለቀሙ ነው የሚሰሟት። ትናንት፣ «እርስዎን ሳላማክር የት እሄዳለሁ?» ስትላቸው እፎይ ብለው ነበር።

ዛሬ ምሳ ላይ፣ «እና፣ ወሰንሽ?» አሏት።

«ገና እያሰብኩበት ነው፣ አባባ።» ወጡን ወደ እሳቸው አስጠጋች። «ይልቅ ሳይቀዘቅዝ ብላ።»

አቶ ይመር ሊያጎርሷት የጠቀለሉትን መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡት።

«መቼ ነው የሚሄዱት?» ሲሉ ጠየቋት፣ እንደ እንግዳ ሰው አክብረው።

ዘይነባ ዞር ዞር ብላ አየች።

«እነማን?»