ግማሽ ጣሳ

ከ1976 ክረምት ጀምሮ፣ ከባሕር ዳር መውጫ ላይ፣ የአስፋልቱን ጎርፍ በጠጠርና በደንገል አጣርተን ወደ ጣና የምንለቀው እኔና አብዱልመጂድ ነበርን። ዓሣ አጥማጆቹ፣ የቀበሌ ጓዶች ውሃው ንጹሕ ነው እያሉ የሚያመጡትን ወረቀት አያምኑም። ስለዚህ ዝናብ ባባራ ቁጥር ከማጣሪያው መውጫ ቱቦ ግማሽ ጣሳ ቀድተን እፊታቸው እንጠጣለን። መጀመሪያ እሱ ይጎነጫል፤ የተረፈውን እኔ እጨርሳለሁ። ዓይኔ ሁልጊዜ እነሱ ላይ ስለሆነ ጣሳውን ልብ ብዬው አላውቅም።

በሁለተኛው ክረምት አንድ ጠዋት ግን አየሁት። ግማሽ ቀድቼ ሰጠሁት። ከከንፈሩ አገናኘው፤ ማንቁርቱ ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አለ። ሲመልስልኝ ጣሳው እስከ ጠርዙ ሞልቷል። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ላዩ ላይ ጥቁር የናፍጣ ቅባት ይንሳፈፋል።

"ተራሽ ነው፣ እሌንዬ" አለኝ፣ እንደ ወትሮው ፈገግ ብሎ።

እስከዚያች ጠዋት ድረስ ከእጁ እየተቀበልሁ ጨርሻለሁ።

ወደ አጥማጆቹ ሽማግሌ ዞርሁ። "ጋሽ ኢድሪስ፣ አዩት?"

እሳቸው አቀረቀሩ። ሌሎቹም አቀረቀሩ።

"እኛማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እናያለን፣ ልጄ" አሉኝ። "አንቺ መጠጣት ከጀመርሽ ወዲህ ግን ባሕሩ ጠርቷል።"