የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን

ታላቅ ወንድሙ ዓሦቹ ያሉበትን ላስቲክ ሊፈታ ሲል፣ መስታወት ቆራጩ ኪሱ ውስጥ ያለውን ባዶ የሲሊኮን ቱቦ ጨበጠ። የዓሦቹን የመስታወት ሳጥን፣ አኳሪየሙን፣ በዚያ ሲሊኮን አጣብቆ የገጣጠመው እሱ ነበር፤ ቱቦው ላይ «ለመታጠቢያ ቤት፤ ሻጋታ ይገድላል» የሚለውን ያነበበው ግን ገና ያን ዕለት ጠዋት፣ ሊጥለው ሲል ነው። ሻጋታ የሚገድል መርዝ ዓሣንም እንደማይምር ያውቃል። ወንድምየው ከአልጋ መውረድ ለተከለከለች ልጁ ብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጉቶ ሲያስገባ፣ ሣር ሲተክል ቆይቶ ሳጥኑን የውሃ ውስጥ ጫካ አድርጎት ነበር።

«ቆይ እስቲ ጋሼ፣ ውሃው...»

«ደሞ አንተ ስለ ውሃ ምን ታውቃለህ? ስምህን ለመጻፍ ግማሽ ቀን የሚፈጅብህ ሰውዬ!»

ልጅቷን ሊጠይቁ የመጡት ጎረቤቶች ሳቁ። በዚሁ ቀልድ ሠላሳ ዓመት ተስቆበታል። አሁን ቱቦውን አውጥቶ ቢያሳያቸው፣ ሳላነበው ነው የሠራሁበት ማለቱ ነው፤ ቀልዱ እውነት ሆኖ ሊቀር ነው። እጁን ባዶውን ከኪሱ አወጣ። «እንዳልክ» አለ።

ወንድምየው ላስቲኩን ፈታ፤ ዓሦቹ ከነውሃቸው ተንቆርቁረው ወረዱና ብልጭ ብለው ሣሩ ውስጥ ጠፉ። ልጅቷ ትራሷን ተደግፋ ብትፈልግ ብትፈልግ አጣቻቸው።

«አጎቴ፣ ለምን ተደበቁ?»

«አዲስ ቤት ሆኖባቸው ነው የኔ ቆንጆ።»

«ይሁን፣ ዛሬ ይደበቁ። ነገ ስነቃ ግን አንድ በአንድ እቆጥራቸዋለሁ። አንተም ና፣ አብረን እንቁጠር።»

«እመጣለሁ» አላት።